ሽማግሌው ራሱ ሲወድቅ፦ ፖፕ ፍራንሲስ የደቡብ ሱዳን መሪዎችን ጫማ ለምን ሳሙ?

ቪዲዮውን ሳታዩት አትቀሩም። ነጭ የለበሱ የ82 ዓመት አዛውንት ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ እንግዶቻቸው ይራመዳሉ። ጉልበታቸው እሺ አይልም፤ ረዳቶቻቸው ደግፈዋቸዋል። ከዚያ ሰው ዓይኑን ማመን እስኪያቅተው ወለሉ ላይ ተደፍተው የአንዱን ሰውዬ ጫማ ሳሙ። ተነሡና የሚቀጥለውንም ሳሙ። ደግሞ የሚቀጥለውን። የተሳሙት ሰዎች ግራ ገብቷቸው እንደቆሙ ቀሩ።

ቀኑ ኤፕሪል 11 ቀን 2019 ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ቦታው ቫቲካን፣ ሳሚው ፖፕ ፍራንሲስ። ጫማቸው የተሳመው የደቡብ ሱዳኑ ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር፣ ተቀናቃኛቸው ሪክ ማቻርና አብረዋቸው የነበሩ ፖለቲከኞች ናቸው። ከነሱም አንዷ የደቡቡን አማጺ ጦር የመሩት የሟቹ የጆን ጋራንግ ባለቤት ርብቃ ኒያንዴንግ ነበሩ።

ለእኛ አገር ሰው ትዕይንቱ ትንሽ ያደናግራል። በእኛ ሽምግልና ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ የሚወድቀው የበደለው ሰው ነው። ሽማግሌ መሐል ተቀምጦ «በል ይቅር በለው» ይላል እንጂ እሱ አይወድቅም። እዚህ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። የወደቀው ሽማግሌው፣ የተወደቀላቸው ደግሞ ጦር ያዘመቱት ሰዎች።

ያኔ አስተያየቱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «ታሪካዊ ነው» ብሎ አለቀሰ። ሌላው «ቲያትር ነው፤ እነዚህ ሰዎች በመሳም ይመለሳሉ እንዴ?» አለ። እኔ ሁለቱም ጥያቄውን የሳቱ ይመስለኛል። አንድ የሃይማኖት አባት ለጦርነት አገር ሰላም ሲመኝ፣ ምኞቱ መሬት የሚነካው በምን በኩል ነው? ደቡብ ሱዳን ይህን ለማየት ጥሩ ቦታ ናት። የቤተ ክርስቲያን ሽምግልና እዚያ ከ50 ዓመት በላይ ተሞክሯል፤ የሠራበትም የከሸፈበትም ጊዜ አለ። ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስቱ የተፈጸሙት ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ነው።

ጠቡ በአጭሩ

ደቡብ ሱዳን ነፃ የወጣችው ጁላይ 9 ቀን 2011 ነው። በሕዝበ ውሳኔው ከመራጩ 98 ከመቶ በላይ «እንለያይ» ብሎ ነበር። አገር በአንድ ቃል ሲናገር ማለት ይሄ ነው። ግን ነፃነቱ ሦስተኛ ዓመቱን ሳይደፍን ነገሩ ተበላሸ። ጁላይ 2013 ኪር ምክትላቸውን ማቻርን አባረሩ። ዲሴምበር 15 ማታ ጁባ ውስጥ በፕሬዚዳንቱ የክብር ዘቦች መካከል ተኩስ ተከፈተ።

ኪር ዲንካ ናቸው፤ ማቻር ኑዌር። የሁለት ሰዎች የሥልጣን ጠብ በቀናት ውስጥ ወደ ጎሳ ወረደ። ጁባ ውስጥ ኑዌሮች ከቤታቸው እየተለቀሙ ተገደሉ። ቦርና ማላካል ላይ ደግሞ ብድሩ ተመለሰ።

ለነገሩ ቂሙ አሮጌ ነው። 1991 ላይ ማቻር ከጆን ጋራንግ ጦር ተገንጥለው ወጥተው ነበር። በዚያው ዓመት ለሳቸው ያደሩ ተዋጊዎች ቦር ላይ በዲንካዎች ላይ ያደረሱት እልቂት እስካሁን ይወሳል። በዚህ ላይ የመንግሥት ገቢ ከሞላ ጎደል ነዳጅ ብቻ ነው። ቤተ መንግሥቱን የያዘ ነዳጁን ይይዛል፤ ከቤተ መንግሥት የወጣ ባዶ እጁን ይወጣል። ስለዚህ ማንም መውጣት አይፈልግም።

ኦገስት 2015 ስምምነት ተፈረመ። ጁላይ 2016 ጁባ ላይ ፈረሰ፤ ማቻር በእግራቸው ጫካ ለጫካ ወደ ኮንጎ ድንበር ሸሹ። የለንደን የሕዝብ ጤና ምሁራን 2018 ላይ ባወጡት ግምት ጦርነቱ ባይኖር በሕይወት ይኖሩ የነበሩ 383 ሺህ ያህል ሰዎች አልቀዋል። ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ከአገር ተሰደደ። ጋምቤላ የሄደ ሰው ይህን ቁጥር በዓይኑ አይቶታል።

ሴፕቴምበር 12 ቀን 2018 እንደገና አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ። ይህንኛውን ድርድር ከኋላ የገፉት የሱዳኑ አል በሽርና የኡጋንዳው ሙሴቬኒ ናቸው። ፊርማ አለ፣ እምነት ግን የለም። ቫቲካን ሁለቱን ሰዎች የጠራችው በዚህ መሐል ነው።

ለምን ወደ ሮም?

ሐሳቡን ያመጡት ፖፑ አይደሉም። የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩት የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ ናቸው። «ለድርድር ሳይሆን ለሱባዔ እንጥራቸው» አሉ። ድርድር ላይ ሰው የሚመጣው ከጠበቃና ከካርታ ጋር ነው። ሱባዔ ላይ ግን ለሁለት ቀን መጸለይና መስማት ብቻ ነው ያለው። ያረፉትም ሆቴል አይደለም። ፖፑ ራሳቸው በሚኖሩበት፣ ቅድስት ማርታ በሚባለው የእንግዳ ቤት ነው።

ለምን ካቶሊክና አንግሊካን አንድ ላይ? ለምንስ ከስኮትላንድ የፕሬስቢቴሪያን አባት ተጨመሩ? መልሱ በቅኝ ግዛት ዘመን ነው ያለው። እንግሊዞች ደቡብ ሱዳንን ለሚስዮኖች ሸንሽነው ነበር፦ ይሄ ወንዝ ለካቶሊክ፣ ያኛው ለአንግሊካን፣ የኑዌር አገር ደግሞ በብዛት ለፕሬስቢቴሪያን። ከመቶ ዓመት በኋላ ውጤቱ ይኸው ነው። ኪር ካቶሊክ ናቸው። ማቻር ያደጉት በፕሬስቢቴሪያን ቤት ነው። ፖፑ ብቻቸውን ቢጠሩ ኖሮ ከተጣሉት ያንዱ ንስሐ አባት ብቻ የመጣ ይመስል ነበር። ሦስቱ አንድ ላይ ሲቆሙ ግን «የኔ ቤተ ክርስቲያን ከኔ ጋር ናት» የሚል መሸሻ አይኖርም።

በሱባዔው መጨረሻ ለእያንዳንዳቸው መጽሐፍ ቅዱስ ተሰጣቸው። የሦስቱ የሃይማኖት አባቶች ፊርማ አለበት፤ አጭር መልእክትም ተጽፎበታል፦ የሚያገናኛችሁን ፈልጉ፣ የሚለያያችሁን ተሻገሩ። ከዚያ ፖፑ ንግግራቸውን ጨርሰው ወደ መሪዎቹ ሄዱ። እንደ ወንድም እለምናችኋለሁ፣ በሰላም ቆዩ አሏቸው። ጠብ መኖሩ አይቀርም፣ ግን እናንተው ዘንድ ቢሮ ውስጥ ይቅር፤ ሕዝቡ ፊት እጅ ለእጅ ተያያዙ፣ የሚል መንፈስ ነበረው ነገሩ። ቀጥለው ተደፉ።

እግር መሳም ከየት መጣ ለሚል ሰው፣ ጸሎተ ሐሙስን ያስብ። የኛ ካህናትም ያን ቀን ጎንበስ ብለው እግር ያጥባሉ። 1975 ላይም ፖፕ ጳውሎስ 6ኛ የኦርቶዶክሱን ተወካይ የሜትሮፖሊታን ሜሊቶንን እግር ስመው ነበር። ግን ያ በአባቶች መካከል ነው። እጃቸው ደም የነካ ፖለቲከኞች ጫማ ላይ መውደቅ ሌላ ነገር ነው።

አንድ የሚገርም ግጥምጥሞሽ ልጨምር። ጫማው በተሳመበት ቀን፣ በዚያው ኤፕሪል 11፣ ካርቱም ላይ ወታደሮች አል በሽርን ከሥልጣን አወረዷቸው። ስምምነቱን ያዋለዱት ሰውዬ በሄዱበት ቀን ማለት ነው። ስምምነቱ ባንድ እግሩ ቀረ።

ከዚህ በፊት ተሠርቷል፦ አዲስ አበባ፣ 1972

ሰው የረሳው ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ደቡብ ሱዳኖች ከካርቱም ጋር የመጀመሪያውን ጦርነት የተዋጉት ከ1955 ጀምሮ ለ17 ዓመት ያህል ነው። ያን ጦርነት ያስቆሙት ኃያላን መንግሥታት አይደሉም። የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤና የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ናቸው። ላይቤሪያዊው ቄስ በርጀስ ካር ውይይቱን መሩ። አፄ ኃይለ ሥላሴም በሽምግልናው ነበሩበት። ስምምነቱ ፌብሩዋሪ 1972 ላይ አዲስ አበባ ተፈረመ።

እስቲ አስቡት። የካርቱም መንግሥት እስላማዊ ባህል ያለው፣ የአማጺው መሪዎች በብዛት ክርስቲያን። ታዲያ ካርቱም የቤተ ክርስቲያንን ሽምግልና እንዴት ተቀበለች? ምክንያቱም አብያተ ክርስቲያናቱ ወደ ሁለቱም ይሄዱ ነበር። ካርቱምን ያናግራሉ፣ ጫካ ያለውንም ያናግራሉ። ጦር የላቸውም፣ ነዳጅ አይፈልጉም፣ ድንበር አይጋሩም። ለአሸማጋይ ከዚህ የበለጠ ሀብት የለም። ውሉም በምኞት የተሞላ አልነበረም፤ ቁጥር ነበረው። ለምሳሌ የደቡቡ ዕዝ 12 ሺህ ወታደር ይኖረዋል፣ ግማሹ ከደቡብ ይሆናል ይላል።

11 ዓመት ቆየ። 1983 ላይ ፕሬዚዳንት ኒሜሪ ደቡቡን ለሦስት ከፋፍለው፣ ሸሪዓን በአገሪቱ ላይ አውጀው በገዛ እጃቸው ቀደዱት። ሁለተኛው ጦርነት ተነሣ፤ እስከ 2005 ዘለቀ። አስታራቂዎቹ ቄሶች ያኔ ምን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር? ምንም። የሃይማኖት አባት ያስታርቃል እንጂ ውሉን የሚጠብቅበት ፖሊስ የለውም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ነጩ በሬ

አሁን ደግሞ ከቤተ መንግሥት ወረድ እንበል። 1990ዎቹ ውስጥ ዲንካና ኑዌር እርስ በርስ ይተላለቁ ነበር። ከብት ይዘረፋል፣ ልጅ ይወሰዳል፣ ሴት ትጠለፋለች። የግጦሹ መሬት ማንም የማይደርስበት ባዶ ምድር ሆነ፤ ሣር እያለ ከብት ያልቃል። የአዲሱ ሱዳን አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ የሚባለው ኅብረት ወደ ጄኔራሎቹ መሄዱን ትቶ ወደ ጎሳ አለቆቹ ሄደ።

መጀመሪያ አለቆቹን አለዋወጡ። የዲንካ አለቃ ኑዌር አገር ሄዶ ያድራል፤ የኑዌሩ ዲንካ አገር። ሞት ይጠብቀናል ብለው የሄዱ ሰዎች በእንግድነት ተቀባበሉ። ከዚያ ፌብሩዋሪ 1999 መጨረሻ ላይ ውንሊት በምትባል የዲንካ መንደር ትልቅ ጉባኤ ተጠራ። ለእንግዳው ብለው መንደሩ ውስጥ አዲስ ጎጆዎች ቀለሱ። ጉድጓድ ተቆፈረ። ጉባኤው ሲከፈት ማቢዮር የሚሉት ነጭ በሬ ታረደ። እርቁን ያፈረሰ እንደ በሬው ይሁን ተብሎ ተረገመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ያዘጋጁት ጳጳሳትና ፓስተሮች ናቸው። በሬውን ያረዱትና እርግማኑን የተናገሩት ግን የአገሩ የባህል አባቶች ናቸው። ጳጳሳቱ «ይሄ ባዕድ አምልኮ ነው» ብለው አልተነሡም። ሰውየው የሚፈራውን መሐላ ነው ያስማሉት። እኔ ይሄን ትልቅ ብልኃት እለዋለሁ።

ከዚያ ለቀናት ወሬ ነበር። እያንዳንዱ ወገን እየተነሣ ማን እንደሞተበት፣ ስንት ከብት እንደሄደበት፣ የማን ልጅ እንደተወሰደ ይናገራል። ሌላው ዝም ብሎ ይሰማል። መጨረሻ ላይ የጻፉት ሰነድ ስለ «ዘላቂ ሰላም» የሚያወራ አይደለም። የተወሰዱ ሴቶችና ልጆች ይመለሱ፤ የግጦሽ መሬቱና የዓሣ ማጥመጃው በጋራ ይሁን፤ መንገዱ ይከፈት። በቃ።

በምዕራቡ የዓባይ ዳርቻ ያሉት ዲንካና ኑዌር ከዚያ በኋላ እፎይ አሉ። ሰው ከሰው ሲታረቅ ጄኔራሎቹ ተጋለጡ። ጃንዋሪ 2002 ላይ ማቻር ወደ ጋራንግ የተመለሱት በብዙ ምክንያት ቢሆንም፣ ሕዝቡ ከነሱ ቀድሞ መታረቁ አንዱ ነው ባይ ነኝ።

ድልድይ የሠሩት ጳጳስ

ፖፕ ፍራንሲስ የተወለዱት 1936 ነው። በዚያው ዓመት ደቡብ ሱዳን ውስጥ ሌላ ሰው ተወልደዋል፦ ፓሪዴ ታባን። በኋላ የቶሪት ካቶሊካዊ ጳጳስ ሆኑ። በጦርነቱ ዘመን ሕዝባቸውን ትተው አልሸሹም። 1989 ላይ የጋራንግ ጦር ቶሪትን ሲይዝ እሳቸውንም ለሦስት ወር ያህል አሰራቸው። ተፈቱ፤ እዚያው ቀጠሉ።

2004 ላይ ጡረታ ወጡ። ሌላ ሰው ቢሆን ሮም ወይም ናይሮቢ ሄዶ ያርፋል። እሳቸው ግን ወደ ኩሮን ሄዱ። ኩሮን ምሥራቅ ኢኳቶሪያ ውስጥ፣ ወደኛ ድንበር ጠጋ ያለች ጠረፍ ናት። ቶፖሳ፣ ጂዬ፣ ሙርሌና ካቺፖ የሚባሉ ሕዝቦች በከብት ዘረፋ የሚተላለቁበት አገር ነው። ልጅ ሲጎረምስ መጀመሪያ የሚያገኘው ጠመንጃ ነው።

ታባን እዚያ ከሠሯቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ድልድይ ነው። በምሳሌ መናገሬ አይደለም፤ እውነተኛ፣ የኩሮንን ወንዝ የሚሻገሩበት ድልድይ። በዝናብ ወራት ወንዙ ሰዉን ሁሉ ይቆርጠው ነበር። ቀጥሎ እርሻ፣ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት መጡ። ቅድስት ሥላሴ የሰላም መንደር ተባለ። አባቶቻቸው የሚገዳደሉ ልጆች አንድ ክፍል ተቀምጠው ፊደል ይቆጥራሉ። ልጁ የታመመበት ሰው ክሊኒኩ በር ላይ ጠላቱን ያገኘዋል፤ ሁለቱም ወረፋ ይጠብቃሉ። ዘረፋው ጭራሽ ጠፋ አልልም። ግን ጠላትን በስሙ የሚያውቅ ሰው ሲተኩስ ሁለት ጊዜ ያስባል።

ታባን በዚህ ስማቸው ወጣ። 2012 ላይ ዴቪድ ያው ያው የሚባል የሙርሌ አማጺ ፒቦር አካባቢ ጦር አንሥቶ መንግሥትን አስጨንቆ ነበር። ሰውየው ራሱ የሥነ መለኮት ተማሪ የነበረ ነው፤ ነገር ዓለሙ እንዲህ ነው አንዳንዴ። መንግሥት በኃይል ሞከረ፣ አልሆነም። ታባን የሚመሩት የቤተ ክርስቲያን አባቶች ቡድን ጫካ ለጫካ ተመላልሶ አናገረው። ሜይ 2014 አዲስ አበባ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ሙርሌዎች ታላቁ ፒቦር የተባለ የራሳቸው አስተዳደር አገኙ።

አሁን ይሄን አስተያዩት። በዚያው ወር፣ በዚሁ አዲስ አበባ፣ ኪርና ማቻርም ተኩስ ለማቆም ፈርመው ነበር። ካሜራው ሁሉ እነሱ ጋ ነው። የነሱ ቀናት ሳይቆይ ፈረሰ። የአዛውንቱ ጳጳስ ግን ያው ያው ከመንግሥት ጋር የነበረውን ውጊያ ዘጋ። ሙርሌዎች ከጎረቤቶቻቸው ጋር መጋጨታቸው አልቀረም፤ ፒቦር ግን 2020 ላይ አገሪቱ እንደገና ስትሸነሸን ሳትፈርስ አለፈች።

ታዲያ መሳሙ ሠራ ወይ?

ወደ ጫማው እንመለስ። ኪር ወደ አገራቸው ተመልሰው ለምክር ቤቱ ሲናገሩ ሊንቀጠቀጡ ደርሰው እንደነበር ተናገሩ። ክርስቶስ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበትንም አነሡ። ስሜቱን አልጠራጠርም። ግን ሜይ 2019 ላይ ሊመሠረት የነበረው የአንድነት መንግሥት ለስድስት ወር ተራዘመ። ቀጥሎ ደግሞ ለ100 ቀን። የተጋጩበት ነገር የታወቀ ነው፦ አገሪቱ ስንት ክልል ይኑራት፣ ጦሩስ እንዴት ይዋሐድ። ለገና ፖፑና ሌሎቹ አባቶች «ቃላችሁን አስቡ» የሚል የጋራ መልእክት ላኩ። በመጨረሻ ኪር 32 የነበሩትን ክልሎች ወደ 10 መለሱ፤ ከነሱ በተጨማሪ ሦስት ልዩ አስተዳደሮች ቀሩ፣ ፒቦር አንዷ ናት። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2020 ማቻር አንደኛ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

ይህን ያመጣው መሳሙ ነው ማለት አይቻልም። ማዕቀብ ነበር፣ የኢጋድ ግፊት ነበር፣ የጎረቤት ጭንቀት ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ መሳሙ ያደረገው አንድ ነገር ነው፦ እምቢታውን ውድ አደረገው። ሕዝቡ አብዛኛው ክርስቲያን በሆነበት አገር «ፖፑ እግርህ ላይ ወድቀው እምቢ አልክ» መባል ቀላል አይደለም። ሽማግሌ ሲወድቅበት እምቢ ያለ ሰው በሰፈሩ ምን እንደሚባል እኛም እናውቃለን። ሐፍረት ግን ጊዜ ይገዛል እንጂ ጦር አያዋሕድም። የጦሩ ውሕደት እስከ ዛሬ እንዳዘገመ ነው።

ፖፑ ጁባ ድረስ እመጣለሁ ብለው ነበር። 2022 ላይ ጉልበታቸው ከለከላቸው። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2023 በተሽከርካሪ ወንበር ገቡ፤ ዌልቢና የስኮትላንዱ ኢየን ግሪንሺልድስ አብረዋቸው ነበሩ። ሦስት የተለያዩ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በአንድ ጉዞ አንድ አገር ሲጎበኙ ማየት በራሱ ብርቅ ነው። ሊገቡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ማዕከላዊ ኢኳቶሪያ ውስጥ በከብት ጠብ ከ20 በላይ ሰው ተገደለ። ሩምቤክ ያሉ ወጣቶች ደግሞ ከጳጳሳቸው ጋር ሆነው ለቀናት በእግራቸው ተጉዘው ጁባ ደረሱ። ጳጳሱ ክርስቲያን ካርላሳሬ ይባላሉ፤ 2021 ላይ ተሹመው በዓለ ሢመታቸው ሳይደርስ እግራቸውን በጥይት የተመቱ ሰው ናቸው። በዚያ እግር ነው መንገድ የጀመሩት። ከጉብኝቱ ሁሉ እኔን የያዘኝ ይሄ ነው፤ ከቤተ መንግሥቱ ንግግር ይልቅ።

ንግግሩም ለስላሳ አልነበረም። ደም ማፍሰስ ይብቃ፣ አገር ማጥፋት ይብቃ፣ ለመገንባት ጊዜው ነው አሏቸው። ኪር በበኩላቸው ወራት በፊት አቋርጠውት የነበረውን የሮም ድርድር እንቀጥላለን አሉ። ይህ ድርድር የ2018ቱን ስምምነት ካልፈረሙት አማጺዎች ጋር የሚደረግ ሲሆን፣ የሚያስተናግደው ሳንት ኤጂዲዮ የተባለው የካቶሊክ ምእመናን ማኅበር ነው። እነዚህ ሰዎች 1992 ላይ የሞዛምቢክን ጦርነት ሮም ውስጥ ለ27 ወር አወያይተው ያስቆሙ ናቸው። 27 ወር! ለፎቶ የመጣ ሰው እንዲህ አይቀመጥም። የደቡብ ሱዳኑ ግን እንደዚያ አልሄደላቸውም፤ ውይይቱ ኋላ ወደ ናይሮቢ ተዛወረ።

አሁን ያለንበት

2024 መጨረሻ ይደረጋል የተባለው ምርጫ ወደ ዲሴምበር 2026 ተገፋ። ማርች 2025 ላይ ነጭ ጦር የሚባሉት የኑዌር ወጣቶች ናሲር ያለውን የመንግሥት ጦር ሰፈር ያዙ። ናሲር ሩቅ አይደለም፤ ከጋምቤላ የሚወርደው ባሮ ሶባት ሆኖ የሚያልፍባት ከተማ ናት። ወታደሮችን ሊያወጣ የሄደ የተባበሩት መንግሥታት ሄሊኮፕተር ተተኮሰበት፤ የመንግሥቱን ጦር ጄኔራል ጨምሮ ሰዎች አለቁ። በወሩ መጨረሻ ማቻር ጁባ ውስጥ ቤታቸው ተቆለፈባቸው። ሴፕቴምበር ላይ በግድያና በአገር ክህደት ተከሰው ፍርድ ቤት ቀረቡ።

ፖፑ የክሱን ቀን አላዩም። ኤፕሪል 20 ቀን 2025፣ በፋሲካ ዕለት፣ የቡራኬ መልእክታቸውን ራሳቸው ማንበብ አቅቷቸው ሌላ ሰው አነበበላቸው። ሰላም ከተመኙላቸው አገሮች መካከል ደቡብ ሱዳን ነበረች። በማግስቱ አረፉ። ፓሪዴ ታባንም ኖቬምበር 2023 ላይ አርፈዋል። ዌልቢም ኃላፊነታቸውን ለቀዋል።

አዲሱ ፖፕ ሊዮ 14ኛ ሜይ 2025 ሲመረጡ ሰገነቱ ላይ ወጥተው የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል «ሰላም ለሁላችሁ ይሁን» ነው። አንድ ቀን ወደ ደቡብ ሱዳን ይሄዱ ይሆናል። ቢሄዱ ምኞቴ ጁባ ላይ ብቻ እንዳይቀሩ ነው። ውንሊት ይሂዱ፤ ነጩ በሬ የታረደበትን ቦታ የሚያሳዩ ሽማግሌዎች ዛሬም አይጠፉም። ኩሮን ይሂዱ፣ በበጋ ቢሆን ይሻላል፣ መንገዱ በዝናብ አያሳልፍም። ድልድዩ ላይ ቆም ይበሉና ከብት የሚነዳው ልጅ እስኪያልፍ ይጠብቁ።